ሽማግሌ የተላከበት ፎቶ

ጋሽ ያብስራ ጧት ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤት "ወዴት ነው በማለዳ?" ካለው "ልቀመጥ" ብሎ ይመልሳል። ቀልድ አይደለም፤ ሥራው መቀመጥ ነው። በዳገት በር ከተማ፣ ከአሮጌው የድንጋይ ቅስት ወደ ገደሉ አፋፍ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን አገጩ ሥር አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ይቀመጣል። ጀንበር ስትወጣ ተቀምጦ ጀንበር ስትጠልቅ ይነሳል። በመካከሉ ማዛጋት፣ ዝንብ እሽ ማለት፣ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ብድግ ማለት ክልክል ነው። ማስነጠስ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በ2077 ዓ.ም. ተፈቅዷል።

ነገሩ የመጣው ከፎቶው ነው። ዱሮ፣ አያቶች ልጆች በነበሩበት ጊዜ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ መንገደኛ በዚህ ሲያልፍ አንድ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ውስጥ የድንጋዩ ቅስት አለ። ከቅስቱ ወዲህ ገርበብ ካለ አረንጓዴ በር ብቅ ያለች ሴት አለች። ቢጫ ጀሪካን አለ፣ የተኛ ውሻ አለ፣ ከፊት ደግሞ ጀርባውን ለሴትየዋ ሰጥቶ ገደሉን የሚመለከት ሽማግሌ አለ። ዓለም ይህን ፎቶ ወደደው፤ "ጊዜ የቆመባት ከተማ" እያለ ተቀባበለው። የዳገት በር ሰው ግን ከአባቶቹ የሰማውን ያውቃል። ያን ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ሴትየዋ ብቅ ያለችው ውሃ መጣ እንዴ ብላ ነው። ሽማግሌውም ባጃጅ እየጠበቀ ነበር። ስለ ውሻው የተለያየ ነገር ይወራል።

እንግዳ ድሮ አገር ሊያይ ይመጣ ነበር ይባላል። በ2080 የሚመጣው ፎቶው እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ ነው። ፎቶው ላይ ያየውን ካገኘ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ አንድ ነገር ከጎደለ ቅር ይለዋል፤ ቅር ያለው እንግዳ ደግሞ ለወዳጁም አይመክርም። ከወንዙ ማዶ የነበረችው ከተማ ምን እንደገጠማት ሁሉም ያውቃል። ፎቶዋ ላይ የነበረው ዋርካ አንድ ክረምት በነፋስ ወደቀ፤ በዓመቱ ዳቦ ቤቷ ሳይቀር ተዘጋ። ዳገት በር ይህን አይታ የመልክ ጽሕፈት ቤት የሚባል አቋቋመች። የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ከተማዋ ራሷን እንድትመስል ማድረግ ነው።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር እንንገር። በዚያ ዘመን ያብስራ የሽማግሌ ስም ነው። ኪሩቤል፣ ሶሊያና፣ ኢምራን ሲባል ሰው በዓይነ ኅሊናው ሽበትና ከዘራ ነው የሚታየው። ለልጆቻቸው አዲስ ስም ፈልገው ፈልገው የደከማቸው ወላጆች ወደ ጥንቱ ተመልሰው ነበርና ወጣቶቹ ደርብ፣ ጥሩነሽ፣ አስናቀች ናቸው። የመልክ ሹሟም ወይዘሪት አስናቀች ትባላለች፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ጧት ጧት የጋሽ ያብስራን ጢም ትለካለች፣ ጋቢው ላይ የተፈቀደውን ያህል አቧራ ትነሰንሳለች፣ ጀሪካኑን ከመስታወት ሣጥኑ አስወጥታ በቦታው ታስቀምጣለች። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ውስጥ በተሰካች ትንሽ መነጋገሪያ ታወራዋለች።

"ጋሽ ያብስራ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ። እንደሱ። ፊትዎ ላይ ሐሳብ በዛ፤ ሰውዬው እኮ የሚያስበው ነገር የለውም።"

"እሺ የኔ ልጅ፣ አላስብም" ይላል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ከድንጋዩ ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ወዲህ፣ መሬት ላይ በነጭ የተቀባች ክብ አለች። ፎቶው የሚታየው ከዚያች ክብ ብቻ ነው። እንግዳ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ እዚያ ይቆማል። የከተማው ሰው እዚያ አይቆምም፤ ነውርም ክልክልም ነው። የፎቶ ማንሻው እንግዶቹ ዓይን ውስጥ ስለሆነ እንግዳው አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲገልጥ ፎቶው ይነሳል። ይህን በእኛ አገር መጥቀስ ይሉታል። ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ ጃፓኑም፣ ብራዚሉም፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም በጋሽ ያብስራ ትከሻ ላይ አሻግሮ አረንጓዴው በር ላይ ያለችውን ሴት ይጠቅሳታል። ያቺን ሴት በሯ ላይ ቆማ እንዳያይ የተከለከለ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እፊቷ የተቀመጠው።

ሴትየዋ ወይዘሮ ሶሊያና ናት። በሩ የገዛ በሯ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሩን ሲፈልግ እሷንም አብሮ አገኘ። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ ማዕዶት ጅማ አግብታ ትኖራለች። ሶሊያና ቀኑን ሙሉ ፀጥ ያለ ፊት ይዛ በበሩ ክፍተት ትቆማለች። ፊቷ ፀጥ ይበል እንጂ አፏ አያርፍም። ከንፈሯን ሳታነቃንቅ መናገር የሚባለውን ጥበብ ከማንም በላይ ተክናበታለች፤ የምትናገረውንም የሚሰማት ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

"ይቺኛዋ ሰባት ባሕር አቋርጣ የመጣችው ኮፍያዋን ልታሳየን ነው" ትላለች። ወይም፣ "ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠቀሰኝ፤ አንዱን መልሰህ ስጠው።"

ጋሽ ያብስራ የጋቢውን ጥለት ይነክሳል። በጆሮው አስናቀች "ጋሽ ያብስራ፣ ትከሻዎ ተንቀጠቀጠ፤ በረደዎት እንዴ?" ትለዋለች። ሰው ሁሉ በዓይኑ ይወዳል፤ ጋሽ ያብስራ ግን በጆሮው ወደደ። እሱም ሚስቱን ቀብሮ ለብቻው የከረመ ሰው ነው። ማታ ባዶ ቤት ገብቶ እራቱን ሲበላ ድንገት የቀኑ ወሬዋ ትዝ ይለውና ብቻውን ይስቃል። ብቻውን መሳቁን ሲያስተውል ደግሞ ሆዱ ይባባል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ መሆን ያሳፍራል ብሎ ለማንም አልተናገረም።

ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ስትሆን ፎቶ አይነሳም፤ ያኔ የፎቶው ሰዎች በጓሮ በኩል ወደ ሶሊያና ግቢ ገብተው ምሳ ይበላሉ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ሶሊያና ሽሮዋን እየጠቀሰች "ማዕዶት ልትወስደኝ ነው" አለች።

"የት?" አለ ጋሽ ያብስራ።

"ጅማ ነዋ። መስቀል እንዳለፈ እመጣለሁ ብላለች። 'በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን በር ላይ ቆመሽ ውለሽ፣ ብቻሽን ገብተሽ ታድሪያለሽ፤ ሰው ምን ይለኛል' ትላለች። ልክም ናት መሰለኝ።"

ውሃ ጠጣ፣ እግሩ ሥር የተኛውን የፎቶውን ውሻ አየ። "ብቻሽን ባትሆኚስ?" አለ በመጨረሻ።

ሶሊያና ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። ያለው ወዲያው ገብቷታል። ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ማድቤቱ ዞረች፤ ስትመለስ ግን ኮስተር ብላ ነበር። "ጋሽ ያብስራ፣ እኔ በምሳ እረፍት፣ ሽሮ እየበላሁ የምጠየቅ ሴት ነኝ? አባት የለኝም፣ ወንድም የለኝም፤ በር ግን አለኝ። የሚፈልገኝ ሰው በበሬ፣ በቀን፣ ሽማግሌ ይላክ።"

ጥያቄዋ የጨዋ ጥያቄ ነው። ችግሩ በሩ ነው። ያ በር ከንጋት እስከ ምሽት ፎቶ ውስጥ ነው። በማታ እንዳይልክ፣ በጨለማ ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በጨለማ ደጅ የሚመታው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በጓሮ እንዳይልክ፣ በጓሮ የመጣ ሽማግሌ ለሠፈር መሳቂያ ይሆናል። በቀትር እንዳይልክ፣ አገሩ ሁሉ ምሳ ላይ ነው፤ እህል በቀረበበት ሰዓት የመጣ ሽማግሌ ለሆዱ መጣ ይባላል። ጋሽ ያብስራ አውጥቶ አውርዶ፣ ወይዘሪት አስናቀች ቢሮ ገብቶ ጉዳዩን እንደምንም አፍረጥርጦ ነገራት።

አስናቀች እስኪጨርስ በአክብሮት አዳመጠችው። "ደስ የሚል ነገር ነው፣ ጋሽ ያብስራ። ግን ፎቶው ላይ ሽማግሌ አንድ ነው።"

"ቶሎ ይሄዳሉ።"

"አያቴ ስለ አባቴ ሽማግሌዎች ስታወራ ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ቶሎ አይሄድም።" ትንሽ አሰበች። "በምስል መላክ ይቻላል፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። ሦስቱም ቤታቸው ተቀምጠው፣ ምስላቸው ግቢዋ ውስጥ ይቆማል።"

ይህን ለሶሊያና ሲነግራት በበሩ ክፍተት እንደቆመች፣ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ፣ "ለጥላ ወንበር አላቀርብም" አለችው። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። መስከረም ጠባ። የአደይ አበባ ገደሉን ሞላው፣ እንግዳ በረከተ፣ ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ደረሰ። ጋሽ ያብስራም ክልክል ቢሆን ባይሆን ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቆረጠ።

ሦስት ሰዎች መረጠ። ንግግር የሚያውቁት መሪጌታ ናትናኤል፣ በአካባቢው ሳይታረቅ የቀረ ጠበኛ ያልተዉት ሐጂ ኢምራን፣ የቀድሞው ፀጉር አስተካካይ ጋሽ ኪሩቤል። ሦስቱም እሺ አሉ። ግን ሐጂ ኢምራን አንድ ነገር አነሱ።

"ልጁ ራሱ ባለበት ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ጠያቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ። አንተ እኮ በሩ ላይ ነህ።"

እውነት ነው። በዚያ አገር ልማድ ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ደጅ እንኳን ሊቆም፣ በሠፈሩ አያልፍም። ጋሽ ያብስራ ደግሞ ከድንጋዩ ቢነሳ ጽሕፈት ቤቱ በማግስቱ ሌላ ሰው ያስቀምጣል፤ ሚስት ልጠይቅ ብሎ ሥራ አልባ ሆኖ መቅረቡ ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ በነገሩ ላይ ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ራሳቸው ሐጂ ኢምራን መፍትሔ አገኙ።

"እዚያ የተቀመጠው ያብስራ አይደለም" አሉ። "እሱ ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ አይሰማም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በቅስቱ ሥር ብቅ አሉ። ሰልፉ ሞልቷል። ጋሽ ያብስራ ጀርባውን ሰጥቶ ኮቴያቸውን ሰማ፤ በጆሮውም የአስናቀችን ድምፅ።

"ጋሽ ያብስራ፣ ከኋላዎ ሦስት ሰዎች ገብተዋል። ጋሽ ያብስራ፣ የነገሩኝን ነገር አደረጉት እንዴ?"

ፎቶ አይሰማም።

"ቤቶች!" አሉ መሪጌታ።

"ደህና አደራችሁ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች ሶሊያና። እንደ ልማዱ በድምፅዋ ምንም ያላወቀች መሰለች።

"አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።" መሪጌታ ከዘራቸውን አንዴ መሬት መታ አደረጉ። "ልጃችንን ለአንቺ አስበን ነው። ልጃችን የጨዋ ልጅ ነው። አደብ አለው፤ ከተቀመጠ አይነሳም። ሥራውን አክባሪ ነው፤ የሰው ሚስት ቀና ብሎ አያይም።"

"ልጃችሁ አሁን የት ነው ያለው?" አለች ሶሊያና።

ጋሽ ኪሩቤል እህ እህ አለ። "ሥራ ላይ ነው" አሉ መሪጌታ።

ጋሽ ያብስራ ጆሮው እስከ ጫፉ ጋለ። የስልሳ ስምንት ዓመት ልጃቸው ከድንጋዩ ላይ ወደ ገደሉ አፍጦ፣ ቢችል ገደሉ ውስጥ ቢገባ ደስ ባለው። ክቧ ላይ የቆመችው ከሩቅ አገር የመጣች ወጣት አፏን ከፍታ ቀረች፤ አንዴ ጠቀሰች፣ ደገመች፣ ሰለሰች። ሶሊያና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ይቀላል ይባላል። ስለዚህ "ልምከርበት" አለች። "በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።"

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ሄዱ። ጋሽ ያብስራ ቀኑን ሙሉ ስንብቱን ሲጠብቅ ዋለ፤ አስናቀች ግን በጆሮው ምንም አላለችም። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ማታ ቢሮዋ አስጠራችው። ሲገባ ቆማ ነበር፤ ግድግዳው በሙሉ በአንድ ፎቶ ተሞልቷል። ከቅስቱ ሥር ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፣ ሴትየዋ ነጠላዋን በአፏ ይዛ መሬት ታያለች፣ ከፊት ጀርባውን ለእነሱ የሰጠ ሽማግሌ ጆሮው በርበሬ መስሏል።

"ካለፈው ፎቶ የበለጠ ተወዷል" አለች አስናቀች። ድምፅዋ ላይ ደስታም ድካምም ነበረበት። "ከነገ ጀምሮ ዋናው ፎቶ ይሄ ነው። ሽማግሌዎቹ በየቀኑ እንዲመጡ ነግረናቸዋል፤ እሺ ብለዋል።"

"በየቀኑ ምን ሊያደርጉ?"

"ሊጠይቁ።"

ጋሽ ያብስራ ያን ቀን ደስ ብሎት ነው የተኛው፤ የዋህ ነውና። ሲነጋ ነገሩ ገባው። በየጧቱ ሦስቱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። "ቤቶች!" ይላሉ። አንቀመጥም ይላሉ። ልጃችን አደብ አለው ይላሉ። ሶሊያና ነጠላዋን በአፏ ትይዛለች፤ እንግዳው ይጠቅሳል፤ ቀጥሎ ያለው ይቆማል፤ እንደገና "ቤቶች!" ይባላል። ዓለም የወደደው ያልተመለሰውን ጥያቄ ነው። እሑድ ደረሰና ሶሊያና ነጠላዋን ዝቅ ልታደርግ ስትል በአስናቀች ትእዛዝ በአፏ መልሳ ያዘች።

"ብመልስስ ምን ይሆናል? ፊቴን እንደነበረ አደርገዋለሁ" ብላ ሶሊያና በምሳ ሰዓት ተከራክራ ነበር።

"አይቻልም፣ እትዬ ሶሊያና" አለቻት አስናቀች። "የመለሰች ሴትና ያልመለሰች ሴት አቋቋማቸው አንድ አይደለም። እንግዳው ያውቀዋል።"

በጓሮ፣ በምሳ ላይ ለምን እሺ አትዪኝም ብሎ ጋሽ ያብስራ አንድ ቀን ለመናት። እሷ ደግሞ በበር የመጣ ጥያቄ በጓሮ አይመለስም አለችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷም ወዳዋለች፤ ግን ዕድሜ ልኳን በሌላ ሴት አቋቋም ቆማ፣ ይህቺ አንዲት ነገር እንኳ የራሷ እንድትሆን ፈለገች።

የቀረው ተስፋ ሽማግሌዎቹ ነበሩ። እነሱ ግን ተለውጠዋል። ጋሽ ኪሩቤል ጢሙን እንደ ዘመኑ ቆረጠ። መሪጌታ ከሩቅ አገር የሰላምታ መልእክት እየተቀበሉ "ዛሬ ደግሞ ከፔሩ ሰዎች" ማለት ጀመሩ። ጋሽ ያብስራ አንድ ማታ ሦስቱ በመሪጌታ ቤት ተሰብስበው ሳሉ ሄዶ "እናንተ እኮ የኔ ሽማግሌዎች ናችሁ፤ ግፉበት እንጂ" ቢላቸው፣ መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ልጄ" አሉት። ጋሽ ኪሩቤልም ቀጠለ፤ "ጋብቻ በትዕግሥት ነው።" ሐጂ ኢምራን ምንጣፉን ያያሉ። ጋሽ ያብስራ ሚስት አለኝ ለማለት አይችል፣ የለኝም ለማለት አይችል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

ደመራ ተለኮሰ። መስቀል አለፈ። በማግስቱ ጧት ጋሽ ያብስራ እንደተቀመጠ ክቧ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። አርባ የሚሆናት፣ የመንገድ ልብስ የለበሰች፣ በእጇ ባዶ ሻንጣ የያዘች ናት። በዚያ ሰዓት ወደ ሠፈሩ የሚገባው በሰልፍ ብቻ ስለሆነ እንደ ማንም ተራ ጠብቃለች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፤ ዝም ብላ በሩን ታያለች። አስተያየቷ የእንግዳ አልነበረም። ከኋላው የሶሊያናን ድምፅ ሰማ።

"መጣች" አለች። ከንፈሯ ይነቃነቅ አይነቃነቅ አላየም።

ሽማግሌዎቹ በቦታቸው ነበሩ። መሪጌታ "ልጃችን አደብ አለው፤ ከተቀመጠ..." ብለው ሳይጨርሱ ሶሊያና ጮክ ብላ፣ ገደሉ እስኪመልስላት ድረስ "ግቡ" አለች። አረንጓዴው በር ተንቋቋ። ያን በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ያየ የለም፤ ማጠፊያው ዝጓል።

"አሁን?" አሉ መሪጌታ በሹክሹክታ። "ብርሃኑ ገና ነው እኮ፣ ወይዘሮ ሶሊያና።"

"ተማክሬያለሁ፣ ጨርሻለሁ። ግቡ። ተቀመጡ።"

ጋሽ ኪሩቤል ሰልፉን አየ፣ ጢሙን ነካ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ያብስራ ከዘራውን ጨብጦ፣ እነሱ ካልገቡ ነገሩ ቀረ ብሎ ሰጋ። ከዚያ ጫማ ሲወልቅ ሰማ።

"ላለመግባት ምክንያት ፈልጌ ነበር" አሉ ሐጂ ኢምራን። "አጣሁ።" ገቡም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ኮቴ ተከተላቸው፣ ቀጥሎ ሌላ። ከውስጥ ሦስት ወንበሮች አንድ በአንድ ሲንቋቁ ተሰማ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል።

"ጋሽ ያብስራ" አለች አስናቀች በጆሮው። "እባክዎን፣ እርስዎ እንኳ አይነሱ። ፎቶው ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ" አለ ጋሽ ያብስራ፤ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። መነጋገሪያዋን ከጆሮው አውጥቶ ጥርቡ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። የተፈቀደለት ሙሽራ ወዲያው የሚያደርገው ነገር አለ፤ የልጅቷን ወገን ጉልበት ይስማል። የሶሊያና ወገን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክቧ ላይ ቆሟል።

ተነሳ። ጉልበቱ ጮኸ። ከሰልፉ አንዲት ሕፃን ጮኸች፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ ብዙም አልተሻሉም። እነዚህ ሰዎች ይህን ሽማግሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያውቁት አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ አያውቅም፤ አሁን ጋቢውን እየጎተተ ወደነሱ ይመጣል። ሰልፉ ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም መጥቀስ ትዝ አላለውም። ማዕዶት ብቻ እንደቆመች ቀረች። ጋሽ ያብስራ ክቧ ጋ ሲደርስ ከዘራውን ጥሎ ጎንበስ አለ።

"ኧረ በማርያም! ይነሱ ጋሼ!" ማዕዶት ክንዱን ያዘች። "ሰው እያየ!"

"ሰው ሲያየኝ ነው የኖርኩት። የእንጀራ አባትሽ ልሆን ነው፤ አንቺ ካልከለከልሽ።"

ማዕዶት ወደ በሩ አየች፤ ወደሱ ተመለሰች። የያዘችው ሻንጣ ከእጇ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የእናቷ ልጅ ናት፤ ልትስቅ ስትል ትኮሳተራለች።

"ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባዎን ሰጥተዋት ተቀምጠው፣ ጋሼ፣ ምኗን አይተው ነው የጠየቁኝ?"

ጋሽ ያብስራ ቀና ብሎ፣ ክቧ ላይ ቆሞ፣ ዞረ። የጧት ፀሐይ በቅስቱ ሥር ገብታ አረንጓዴው በር ላይ አርፋለች። ሶሊያና የተከፈተውን በር በእጇ ደግፋ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ትስቃለች፣ ጉንጯም ረጥቧል፣ ሁለቱንም ለመደበቅ አልሞከረችም። ከኋላዋ መሪጌታ ሲመርቁ ይሰማል። ጋሽ ያብስራ ረጅም ጊዜ አያት። ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር፤ ቶሎ በል ያለው ግን አልነበረም።

"ሰው ከባሕር ማዶ ለምን እንደሚመጣ አሁን ገባኝ" አለ።